ምጽዋት የመንግሥትን ሐኪም ቤት ሊተካ ይችላል?

ባለፈው የስድስት ወር ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የሕክምና መረዳጃ ሣጥናችን ሒሳብ ሲነበብ ሁለት ሐሳብ ተነሣ። ከደጋፊዎቻችን አንዱ፣ «መንግሥት ሐኪም ቤት መድኃኒት የለም፤ ሰልፉም አያልቅም። ደግ ሰው ከአገራችን አልጠፋም። ሣጥኑን አስፍተን ድሃ እናቶችን እኛው ራሳችን ብናሳክም አይሻልም ወይ?» አሉ። ከአባላት መካከል ደግሞ አንዲት እኅታችን፣ «ድሃን ማሳከም የመንግሥት ሥራ ነው። ሣጥኑ ይዘጋና ገንዘቡ ለብድር ይዙር» አለች። ሰዓቱ ስለመሸ ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እኔ ሒሳብ ያዥ በመሆኔ፣ «ቁጥሩን የምታውቂው አንቺ ነሽና አስቢበት» ተባልኩ።

አሰብኩበት። የእኛ ሣጥን ግን ገንዘቡም ትንሽ ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁ ሰዎች ምን ላይ እንደደረሱ ለማወቅ ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን እነሆ። ዘመኑን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የአድዋን ብቻ በእኛ አድርጌዋለሁ።

ነርሷ ልዕልት

ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ልጀምር። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በስደት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ፤ ቀጥለውም ጋይስ በሚባለው ሆስፒታል ሠሩ። እነዚህ ሁለት ሆስፒታሎች በዚያን ጊዜ የመንግሥት አልነበሩም። ጋይስ ቶማስ ጋይ የተባለ ሀብታም የመጻሕፍት ነጋዴ በ1721 በራሱ ገንዘብ ያቋቋመው ነው። የሕፃናቱ ሆስፒታልም በ1852 ተከፍቶ በለጋሾች መዋጮ የሚኖር ነበር።

ልዕልቲቱ አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ተመልሰው፣ በ1942 ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። የንጉሥ ልጅ ሆነው፣ ነርስም ሆነው፣ በአገሪቱ ውስጥ በቂ የእናቶች ሕክምና ስላልነበረ ሀብትም ዕውቀትም ሊያድናቸው አልቻለም። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። የአንዲት ሴት ሕይወት በኪሷ ባለው ገንዘብ ብቻ አይወሰንም፤ በአቅራቢያዋ ባለው ሐኪም ቤትም ይወሰናል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የምጽዋትን ጉልበት ያሳያል። ለሴቶች የምርጫ መብት የታገለችውና በወረራው ዘመን ለኢትዮጵያ ጋዜጣ እያሳተመች የተሟገተችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት፣ በልዕልቲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ በአገሯ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ትልቅ ሥራ ነው። እኔ ግን ሒሳብ ያዥ ነኝና ዓመቱንም ቆጠርኩ፤ ልዕልቲቱ ካረፉ እስከ ሆስፒታሉ መከፈት ዘጠኝ ዓመት ነው። ታዋቂ ስም፣ ብርቱ አስተባባሪና የንጉሥ ቤተሰብ ከኋላው እያሉ፣ ለአንድ ሆስፒታል ዘጠኝ ዓመት!

የእንግሊዝ የምጽዋት ሆስፒታሎች

ምጽዋት ብቻውን ሕክምናን መሸከም ይችል እንደሆነ ለማየት ከእንግሊዝ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። አገሪቱ ሀብታም ነበረች፤ ለጋሾቿም ብዙ ነበሩ። ከ200 ዓመት በላይ ሞክረውታል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሀብታሞች በየዓመቱ ለሆስፒታሉ መዋጮ ይከፍላሉ። በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በብዙዎቹ ሆስፒታሎች መዋጮ የሚከፍል ሰው ድሃ እየመረጠ የድጋፍ ደብዳቤ የመጻፍ መብት ነበረው። ደብዳቤ ያላገኘ ድሃ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልደረሰበት በቀር፣ አልጋ አያገኝም። ብዙዎቹ ሆስፒታሎች ነፍሰ ጡሮችን፣ ተላላፊ በሽታ ያለባቸውንና ሊድኑ የማይችሉ የሚባሉትን አይቀበሉም ነበር። በ1895 ደግሞ ሮያል ፍሪ በተባለው የለንደን ሆስፒታል አንዲት ሠራተኛ ተቀጠረች። ከሥራዎቿ አንዱ የሚመጣው ሰው በእርግጥ ድሃ መሆኑን፣ መክፈል እየቻለ በነፃ የሚታከም አለመሆኑን ማጣራት ነበር። ሌሎች ሆስፒታሎችም ይህንኑ ተከተሉ።

ታዲያ የተመለሱት የት ሄዱ? ወደ ድሆች መጠለያ ሕሙማን ክፍል፣ በኋላም ወደ ከተማ አስተዳደር ሆስፒታል ሄዱ። እነዚህ የሚተዳደሩት ከነዋሪው በሚሰበሰብ ግብር ነው። ሽማግሌው፣ የአእምሮ ሕመምተኛው፣ ለዓመታት አልጋ ላይ የዋለው ሁሉ የግብሩ ድርሻ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ቁጥር ልጨምር። በ1948 በእንግሊዝና በዌልስ ሆስፒታሎች ወደ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲዛወሩ ርክክብ ተደረገ። በለጋሾች የተቋቋሙት 1,143 ሆስፒታሎች ሲሆኑ 90,000 ያህል አልጋ ነበራቸው። የከተማ አስተዳደሮቹ 1,545 ሆኑና 390,000 ያህል አልጋ ተገኘባቸው። ደምሩትና አካፍሉት። ምጽዋት በገነነበት አገር፣ ከሁለት መቶ ዓመት ጥረት በኋላ፣ የለጋሾቹ ድርሻ ከአምስት አልጋ አንዱን አይሞላም። እርግጥ ስመ ጥር ሐኪሞችና የሕክምና ትምህርት ቤቶች የነበሩት በአብዛኛው በእነዚያ ሆስፒታሎች ነው። ከባዱን ሸክም የተሸከመው ግን ግብር ነበር።

ስለ ሴቶች ደግሞ ለብቻው ልንገራችሁ። በ1911 የወጣው የእንግሊዝ የመድኅን ሕግ ደመወዙ ዝቅተኛ ለሆነ ሠራተኛ ሐኪም አገኘለት። ሚስቱና ልጆቹ ግን አልተካተቱም፤ ለወሊድ 30 ሺሊንግ ከመስጠት በቀር። ስለዚህ በድሃ ቤት እናት ስትታመም ችላ ትቀመጥ ነበር። ገንዘብ ከተገኘ ለልጅ ነው፤ ከተረፈ ለእሷ። ይህን ለማወቅ እንግሊዝ መሄድ የሚያስፈልጋት ሴት ከመካከላችን ያለች አይመስለኝም።

ከእኛ ዕድር ጋር የሚመሳሰልም ነገር አግኝቻለሁ። በደቡብ ዌልስ ትሬዴጋር በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ትንሽ ትንሽ እያስቆረጡ የራሳቸውን ሐኪሞች ቀጠሩ፤ ቤተሰባቸውንም አካተቱ። በዚያች ከተማ ተወልዶ በማዕድን ሥራ ያደገው አኑሪን ቤቫን በ1945 የጤና ሚኒስትር ሆነ። ሐምሌ 5 ቀን 1948 (ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሕክምና ለሁሉም በነፃ ሲጀመር ሥራውን የመራው እሱ ነው። ፓርላማ ላይ ካቀረባቸው ክርክሮች አንዱ የቦታ ጉዳይ ነበር፤ ጥሩ ሆስፒታል የሚገኘው በሽተኛ ባለበት ሳይሆን ሀብታም በኖረበትና በተናዘዘበት ቦታ ነው አለ። እኔም የዚያን ሰው ታሪክ ሳነብ አንድ ልዩነት ተገለጠልኝ። የትሬዴጋር ሠራተኞች ያደረጉት ምጽዋት አልነበረም። የራሳቸውን ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን መብት ገዙ። ሲታመሙ ደብዳቤ የሚለምኑት ሰው አልነበረም።

በአገራችንስ?

በአገራችን ድሃን መርዳት የቆየ ነው። ክርስቲያኑ በምጽዋትና በዝክር፣ ሙስሊሙ በዘካና በሰደቃ ድሃውን ሲያበላ ኖሯል። ሕመምተኛ በገዳም ደጅና በጸበል ቦታ ተጠግቶ ኖሯል። ዘመናዊ ሕክምናም ቢሆን በብዛት የገባው በበጎ አድራጊ እጅ ነው። በ1888 ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኛውን አከሙ፤ አዲስ አበባም ላይ ሆስፒታል ከፈቱ። ሚስዮናውያንም በየክፍለ አገሩ ክሊኒክ ሠሩ። በመንግሥት በኩል የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በ1910 ተቋቋመ። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1948 ነው፤ እንግሊዞች አገልግሎታቸውን በጀመሩበት ዓመት መሆኑ ነው። በ1954 ደግሞ ለገጠር የጤና ባለሙያ የሚያወጣው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ።

የፈንጣጣን ታሪክ ተመልከቱ። የማጥፋት ዘመቻው በአገራችን በ1971 ተጀምሮ የመጨረሻው በሽተኛ በ1976 ተገኘ። ሥራውን የያዙት መንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ነበሩ። ከተባሪዎቹ ተራራና በረሃ አቋርጠው እያንዳንዱን መንደር ማሰስ ነበረባቸው፤ አንድ መንደር ከተረሳ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና። ምጽዋት ያየውን ይረዳል፤ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን ያያል። ያልታየው መንደር ድረስ ሂዶ ማንንም ሳይመርጥ መከተብ ግን ግዴታ ያለበት አካል ይፈልጋል።

ለምጽዋት የሚከራከር ሰው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ቢጠቅስ እውነት አለው። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 የመጡት ወደዚያው ወደ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ ነበር። በዚያም በምጥ ብዛት ተጎድተው ሽንት የሚያመልጣቸውን፣ ከቤታቸውና ከጎረቤታቸው የተገለሉትን ሴቶች አዩ። ማንም አላሰባቸውም ነበር። በ1974 የራሳቸውን ሆስፒታል ከፈቱ፤ እስካሁን ከ60,000 በላይ ሴቶች በነፃ ታክመዋል። ይህን ሁሉ ያደረገው የለጋሽ ገንዘብ ነው። መንግሥት ያላየውን ምጽዋት አየ።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ፌስቱላ የሚመጣው ምጥ ሲበዛ በጊዜው የሚያዋልድ ባለሙያ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲጠፋ ነው። አንዲቷ ታክማ ስትወጣ ሌላዋ በገጠር እየተጎዳች ነው። ሆስፒታሉ ራሱ ይህን ስለተረዳ በ1ኛ ደረጃ ማከም ብቻ እንደማይበቃ ቆጥሮ በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ከፈተ፤ ተመራቂዎቹም በገጠር ጤና ጣቢያዎች ይሠራሉ። ጤና ጣቢያውን ማን ሠራው? የአምቡላንሱን ነዳጅና የአዋላጇን ደመወዝ በየወሩ ማን ይከፍላል? እዚህ ላይ ምጽዋት የመንግሥትን እጅ ይፈልጋል።

ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተዘረጋ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ አንድ ዓመት ሠልጥነውና በመንግሥት ደመወዝ ተቀጥረው ቤት ለቤት ዞሩ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ሆነ። የእናቶች ሞትም በ100,000 ወሊድ ከ871 ወደ 412 ወረደ። ይህ ሁሉ የአንድ ፕሮግራም ውጤት ነው አልልም፤ መንገዱም፣ ትምህርቱም፣ ክትባቱም ድርሻ አለው። ወጪውም ከግብራችን ብቻ አልመጣም፤ የውጭ መንግሥታትና ትልልቅ የጤና ፈንዶች ብዙ ከፍለዋል። ሆኖም ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ በየቀበሌው የሚደርስ አንድ መዋቅር ባይኖር ኖሮ መድረሻ አያገኝም ነበር።

የመንግሥትም ዕዳ አለበት

መንግሥትን ለማመስገን ብቻ የጻፍኩት እንዳይመስላችሁ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2011 በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ተስፋፋ። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ በጣም ድሃ ተብለው ለተመረጡት ክልልና ወረዳ ይከፍሉላቸዋል። ሐሳቡ የዕድር ሐሳብ ነው፤ ልዩነቱ ዕድራችን ለሞታችን የተዘጋጀ መሆኑ፣ ይህኛው ለሕመማችን መሆኑ ነው።

ችግሩን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደብተር ይዛ የሄደች እናት «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዢ» ትባላለች። የድሆች ስም ዝርዝር ሲወጣ የሚገባት ትቀርና የማይገባት ትገኛለች። ደጋፊያችን ያነሡት ቅሬታ እውነት ነው። ቅሬታው የሚያስከትለው ግን ምንድን ነው? የቧንቧ ውኃ ተቋረጠ ብለን ቧንቧውን ነቅለን ጀሪካን አንገዛም። ጀሪካኑን ለጊዜው እንይዛለን፤ ቧንቧው እንዲጠገን ደግሞ እንጮኻለን።

የእኛ ሣጥን

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ ልመለስ። ባለፈው ዓመት የአንዲት አባላችን ልጅ በጠና ታመመ። እናቲቱን ሁላችንም እንወዳታለን፤ ከስብሰባ ቀርታ አታውቅም። ገንዘቡ ወጣ፤ ልጁም ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ አባል መጣች። እሷ ጉልት ላይ ስለምትውል በስብሰባ ብዙም አትታይም፤ ብዙዎቻችን በስም እንኳ አናውቃትም። ሣጥኑ ባዶ ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ «ገንዘብ ሲገኝ ይታያል» ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷም ዳግም አልጠየቀችንም።

የእንግሊዞቹን የድጋፍ ደብዳቤ ሳነብ ያስታወስኩት ያን ቀን ነው። ማናችንም ክፉ አልነበርንም። ደግነታችን ግን ቀድማ የመጣችውንና የምናውቃትን መረጠ፤ ከዚያም አለቀ።

በቁጥር ላሳያችሁ። ለምሳሌ 100 ሴቶች በወር 50 50 ብር ቢያዋጡ በዓመት 60,000 ብር ነው። ለእኛ ብዙ ነው። በግል ሆስፒታል አንድ ከባድ ቀዶ ሕክምና ግን ብቻውን ሊውጠው ይችላል። ገቢያችን በዓመት ውስጥ ይታወቃል፤ በሽታ ግን በጀት አያውቅም። ኑሮ ሲወደድ ደግሞ መዋጮው በሚቀንስበት ወር ታማሚው ይበዛል። ሸክሙን የሚያቀልለው ብዛት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን አባቶቻችንና እናቶቻችን ያለ ሒሳብ ትምህርት አውቀውታል። መቶ ሴት ለአንድ ካንሰር ትንሽ ናት፤ አንድ ወረዳ ይሻላል፤ አገር ደግሞ የበለጠ ይሻላል።

ስለዚህ የደጋፊያችንን ሐሳብ እንዳለ አልቀበለውም። ሣጥኑ ይዘጋ ያለችውን እኅቴንም አልደግፍም፤ ሐምሊኖች ያዩዋቸውን ሴቶች መጀመሪያ ያየ መንግሥት አልነበረምና። ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከሣጥኑ በቅድሚያ የሚወጣው የዓመት የጤና መድኅን ክፍያ መክፈል ላቃታቸው አባላት ይሁን። ሲታመሙ ከምናዋጣ ሳይታመሙ እንክፈል።

ሁለተኛ፣ የድሆች ዝርዝር በቀበሌ ሲዘጋጅ ከማኅበራችን ሁለት ሰው ተመድቦ ይከታተል። ስሟ የተዘለለ አባል ብትኖር ብቻዋን አትሂድ፤ አብረናት እንሂድ።

ሦስተኛ፣ የቀረው ገንዘብ መድኅኑ ለማይሸፍነው ይዋል፤ ለትራንስፖርት፣ ለአስታማሚ ምግብ፣ ከውጭ ለሚገዛ መድኃኒት። የወጪው ጣሪያ አስቀድሞ ተወስኖ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ በመታወቅና ባለመታወቅ አይለይ።

አራተኛ፣ «የለም» የተባለ መድኃኒት ሁሉ ከቀኑ ጋር በመዝገብ ይያዝ። መዝገቡን እኔ እይዛለሁ። በየሦስት ወሩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እናቅርብ። በቁጥር የቀረበ ቅሬታን «አልሰማንም» ማለት ይከብዳል።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በበዓል ቀን ከሚሰጠን ትልቅ ስጦታ ይልቅ መጠኑ ቢያንስም በየዓመቱ የማይቋረጥ ድጋፍ ብትሰጡን በጀት መያዝ እንችላለን። ያን ጊዜ ለአንዲት እናት «ይታያል» ሳይሆን «ይከፈላል» ብለን መጻፍ እንችላለን።

ከጉልት የማትቀረዋን አባላችንንም ሄጄ አነጋግሬያታለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደምትገኝ ቃል ገብታልኛለች። ሐሳቤ ላይ ቅር የሚላችሁ ካላችሁ እዚያው እንወያይ፤ እሷም ትስማን፤ እኛም እንስማት።